ፕራይመሪው ወደኋላ ሲመለስ ስታንድባዩ ለምን ያኮርፋል?

ዋናው ዳታቤዛችን (ፕራይመሪው) ሜክሲኮ ቢሯችን ነው፤ ተጠባባቂ ቅጂው (ስታንድባዩ) አራት ኪሎ ቅርንጫፍ ይገኛል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ባልደረባችን ዌር የሌለው (የትኞቹን መስመሮች እንደሚነካ ያልተገደበ) አፕዴት ለቀቀና የደንበኞችን ቴብል አተረማመሰው። «ስታንድባይ አለን አይደል?» አሉ አለቃችን። አለን። ግን ስታንድባይ የተነገረውን ይደግማል፤ ስህተቱንም ሳይቀር። አራት ኪሎም ወዲያው ተበላሽቷል።

ዳታቤዙ ኦራክል ነው፣ በዳታ ጋርድ (የፕራይመሪውን ለውጦች ወደ ስታንድባዩ በሚያደርሰው የኦራክል አሠራር) የተያያዘ። ፍላሽባክ (ዳታቤዙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰው) በርቶ ስለነበር ፕራይመሪውን ወደ ማውንት (ተነስቶ ለተጠቃሚ ግን ወዳልተከፈተበት ሁኔታ) አውርደን ከስህተቱ በፊት ወደነበረበት መለስነው። በሪሴትሎግስ (የለውጥ መዝገቡን እንደ አዲስ በሚያስጀምረው ትእዛዝ) ከፈትነው። እፎይ ብለን ቡና ሳናዝ ሌላው መጣ።

ምልክቱ። ስታንድባዩ አፕላይ ማድረግ (ከፕራይመሪው የሚመጡትን ለውጦች መተግበር) አቆመ። አለርት ሎጉ (የዳታቤዙ የክስተት መዝገብ) ላይ ኦራ-19909፦ ዳታፋይል 1 የወላጅ አልባ ኢንካርኔሽን (የተተወ የዳታቤዝ ታሪክ መስመር) ነው ይላል።

መንስኤው። በሪሴትሎግስ መክፈት አዲስ ኢንካርኔሽን ይፈጥራል። ከሜክሲኮ በባቡር አብረን ተነሳን እንበል። እኛ ለገሃር ወርደን ሌላ መንገድ ያዝን፤ ስታንድባዩ ግን ስታዲየም ደርሷል። ወደ ለገሃር ካልተመለሰ አንገናኝም።

መፍትሄው። ፕራይመሪው ላይ የሪሴትሎግስ ኤስሲኤን ቁጥሩን (ኦራክል ለውጦችን በቅደም ተከተል የሚቆጥርበትን) እዩና 2 ቀንሱ። ስታንድባዩ ላይ አፕላይ አቁሙ፣ ወደ ማውንት አውርዱት፣ ወደዚያ ቁጥር ፍላሽባክ አድርጉት፣ አፕላዩን አስነሱ። ከኦራክል 19ሲ ስሪት ጀምሮ ማውንት ላይ ያለ ስታንድባይ ይህን በራሱ ይሠራል። የኛ ለሪፖርት ተብሎ ክፍት ስለነበር አልሠራልንም።

ፍላሽባክ ስታንድባዩ ላይ ለብቻው መብራት አለበት፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ኦራ-38729 ካያችሁ የፍላሽባክ ሎጉ አልበቃም ማለት ነው። ያኔ ስታንድባዩን እንደገና መገንባት ነው፣ እና ምሳ የለም። ነባሪው የፍላሽባክ ሎግ ማቆያ ጊዜ 1440 ደቂቃ ነው፤ እሱም ዒላማ እንጂ ዋስትና አይደለም። ስለዚህ ከትልቅ ለውጥ በፊት ጋራንቲድ ሬስቶር ፖይንት (መመለሻው የተረጋገጠ ምልክት) አስቀምጡ፤ መጀመሪያ ስታንድባዩ ላይ፣ ቀጥሎ ፕራይመሪው ላይ። ሥራው ሲያልቅ አጥፉት፤ አለዚያ የሪከቨሪ ቦታውን (የፍላሽባክ ሎጎች የሚቀመጡበትን) ሞልቶ ዳታቤዙን ያስቆመዋል።

ሌላው ምልክት፦ ዳታው ከሚገባው በላይ ወደኋላ ሄዷል። ይህ የኛው የሀገር ጉዳይ ነው። ባልደረባዬ «ስህተቱ የተሠራው አራት ሰዓት ላይ ነው» አለኝ። ጠዋት ነዋ! የሰርቨሩ ሰዓት ግን 10፡00 ይላል፤ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) የተሞላ ቢሆን ደግሞ 7፡00 ነበር። አንድ ቅጽበት፣ ሦስት ቁጥር። እንደሰማሁት 4፡00 ብዬ ብጽፍ ከንጋት ጀምሮ የተሠራው ሁሉ ሄዷል።

ስለዚህ ሪሴትሎግስ ከማለታችሁ በፊት ዳታቤዙን በሪድ ኦንሊ (ለማንበብ ብቻ) ክፈቱና ቴብሉን እዩት። ከሚገባው በላይ ወደኋላ ከሄዳችሁ በሪከቨሪ ወደፊት ትመጣላችሁ፣ ካልደረሳችሁ ትንሽ ወደኋላ ትጨምራላችሁ። አለቃ በር ላይ ቆመው «ተነሳ ወይ?» ቢሉም።