መንገዱን እባብ ያደረጉት 18 ሰከንዶች

ሦስት ቀን ሙሉ ያስለፋኝን ነገር ልጻፈው፤ ሌላ ሰው እንዳይለፋበት።

ከአውሮፕላን ላይ የተነሳ የሃይፐርስፔክትራል ምስል፣ ማለትም ብርሃንን በብዙ ጠባብ የቀለም ክፍሎች ከፋፍሎ የሚመዘግብ ምስል፣ እያስተካከልኩ ነበር። ይህ ካሜራ እንደ ስልክ ካሜራ ሁሉንም በአንዴ አያነሳም። ከበረራው አቅጣጫ አግድም አንድ ቀጭን መስመር ያነሳል፤ አውሮፕላኑ ሲጓዝ መስመሮቹ ተደርድረው ምስል ይሆናሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር ሲነሳ አውሮፕላኑ የት እንደነበረና ወዴት እንዳዘነበለ መታወቅ አለበት። ይህን የሚመዘግቡት ጂፒኤሱና አይኤምዩ የሚባለው የዝንባሌ መለኪያ ናቸው።

የእኔ ምስል ግን ጉድ ነበር። ቀጥ ያለው አስፋልት እንደ እባብ ይጥመለመላል። እርማቱን ሳሠራው ጭራሽ ባሰበት። ቦታውም ከካርታው 1,080 ሜትር ሸሸ። አይኤምዩውን ጠርጥሬ ስሌቱን እንደ አዲስ ሠራሁት። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ስህተቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 60 ሜትር፣ አካፈልኩት። 18 መጣ። ያኔ በራልኝ። የጂፒኤስ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጀመሪያ አንስቶ ዩቲሲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ መደበኛ ሰዓት በ18 ሰከንድ ይቀድማል። ካሜራው በዩቲሲ፣ አይኤምዩው በጂፒኤስ ሰዓት ሲመዘግቡ ኖረዋል! በካሜራው ሰዓት ላይ 18 ሰከንድ ጨመርኩ፤ አስፋልቱ ቀጥ አለ።

አንድ ነገር ቀረ። በደርሶ መልስ በረራ የተነሱት ምስሎች በ5 ሜትር ያህል አልገጥም አሉ። ካሜራውና አይኤምዩው ሲታሰሩ 0.1 ዲግሪ ተዛንፈው ኖሯል። ትንሽ ትመስላለች፤ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ግን 2.6 ሜትር ታሳስታለች፣ በመልሱ በረራ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን። የአንድ ጣሪያ ማዕዘን በሁለቱም ምስል ላይ እስኪገጥም ዲግሪዋን አስተካከልኩ።