የልብ ሕመም ላለበት ልጅ የጥርስና የድድ ጥንቃቄ

የልብ ሕመም ያለበትን ልጅ የሚያሳድግ ቤተሰብ ከመድኃኒቱና ከቀጠሮው እኩል ሊከታተለው የሚገባው፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጉዳይ የአፍ ንጽሕና ነው። ከታመመ ድድ ወይም ከተቦረቦረ ጥርስ የሚነሣ ባክቴሪያ ወደ ደም ገብቶ በልብ የውስጥ ሽፋንና በቫልቮቹ ላይ ኢንፌክሽን ሊያስከትል ስለሚችል፣ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ የሕክምናው አካል ነው።

በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ ልጅ ሲያስለው ወይም ሲያስቀምጠው እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ፈጽሞ አልቀረም። ለማንኛውም ሕፃን ጎጂ የሆነው ይህ ልማድ የልብ ሕመም ላለበት ልጅ ይበልጥ ለሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ፣ ልጁን ለአያቱ ትቶ ደብረ ብርሃን ገበያ የሚወርድ ወላጅ ነገሩን አስቀድሞ፣ በአክብሮት ግን በማያሻማ ቃል ሊያስረዳ ይገባል (አያቶች የሚያደርጉት ከፍቅር ነውና)።

ጥርስ በጤና ተቋም የሚነቀል ከሆነም ሕመሙን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለአንዳንድ የልብ ችግሮች ከነቀላው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይሰጣል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ለቀናት ከቆየ ደግሞ፣ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሳትሰጡ ልጁን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ መድኃኒቱ ቀድሞ ከተወሰደ የደም ምርመራው ጀርሙን ላያሳይ ይችላል።