ያገለገለ ቀፎ በስንት ይገዛል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐይቅ ከተማ አካባቢ ስድስት ያገለገሉ ዘመናዊ ቀፎዎች በአንድ ቀን ገዛሁ፤ ርካሽ ነው ብዬ። ባለቤቱ ንቡ ጥሏቸው ስለሄደ ሥራውን የተዉ ሽማግሌ ናቸው። "ጋሼ፣ እቤት ካለኝ ፍሬም ጋር ይገጥማል?" ስላቸው (ፍሬም ማለት ንብ ሰም የምትሠራበት፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚንጠለጠል የእንጨት ክፈፍ ነው) "አብሽር ልጄ፣ ሣጥን ምን ልዩነት አለው!" አሉኝ። ነበረው።

1. መጀመሪያ የአዲሱን ዋጋ እወቁ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ለምትቀርቡበት፣ ቀፎ የሚሠራ አናጢ ጠይቁ። "በግማሽ ዋጋ ሰጠሁህ" የሚል ሻጭ የምኑን ግማሽ እንደሚል የሚገባችሁ ያኔ ነው። እኔ እንከን ለሌለው ሙሉ ቀፎ ከአዲሱ ግማሽ በላይ አልከፍልም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መቀነስ ብቻ ነው።

2. እንጨቱን በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ በተለይ ወለሉንና ጥጎቹን፣ ምስጥ የሚጀምረው ከታች ነው። ዋንዛ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል። ቺፑድ ከሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት፤ አንድ ክረምት ሲመታው እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል።

3. ፍሬም ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው። ንብ በፍሬሙና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር ክፍተት ካገኘች መተላለፊያ አድርጋ ትተወዋለች። ከጠበበ በሙጫዋ ትደፍነዋለች፣ ከሰፋ ሰም ትሠራበታለች። ፍሬም እየተሳበ የሚወጣው በዚህች ክፍተት ምክንያት ነው።

የገዛኋቸው ሣጥኖች ለእኔ ፍሬም ከሚያስፈልገው ልክ በ2 ሳንቲሜትር ይረዝሙ ነበር። ፍሬሙ ጆሮው ጫፍ ላይ ስለተንጠለጠለ የገጠመ መሰለኝ። ኅዳር ላይ ማር ልቆርጥ ክዳኑን ስከፍት ሰሙ ከፍሬሙ አልፎ ግድግዳው ላይ ተጋግሯል። አንዱን ፍሬም ስስብ ሦስት ተከተለኝ፤ ማሩ ከእጭ ጋር ተደባልቆ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። በሳምንቱ ሁለት መንጋ ጥሎኝ ሄደ። አሁን ሦስቱ ሣጥኖች ውስጣቸው ቀጭን ጣውላ ተመትቶባቸው ይሠራሉ፤ በቀሪዎቹ ሦስት እናቴ ዶሮ ታስታቅፋለች።

ስለዚህ ከቤታችሁ ያመጣችሁትን ፍሬም እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ አንጠልጥሉ። በሁለቱም ጎን እርሳስ ካስገባ ልክ ነው፤ ጣት ካስገባ ሰፍቷል። ካልገጠመ የጣውላውን ዋጋ ብቻ አስቡ። ከራሱ ፍሬም ጋር ለብቻው ልታቆሙት ከሆነ ግን የአዲሱን ሢሶ ብትከፍሉ አያስቆጭም።

4 እና 5. ሰሙን እዩ፣ ውስጡን አሽትቱ። ጥቁር ሰም ከመቅለጥ ሌላ ጥቅም ስለሌለው ለሱ ተብሎ ጭማሪ አይከፈልም። ድርና ጥቃቅን ፍግ ካለ የሰም ትል ነው፤ ሣጥኑ ተፍቆ በእሳት ከተለበለበ ይተርፋል። የበሰበሰ እጭ ከሸተታችሁ ግን ዋጋ አትጠይቁ፣ ሂዱ።

6. የምትገዙት የንብ ማጨሻ ከሆነ ወናፉን ጫኑት። ነፋሱ በአፍንጫው ካልወጣ ቆዳው ተቀዶ ይሆናል፤ ቆዳ ሰፊ ያበጀዋል፣ እናንተ ግን ዋጋ አስቀንሱበት። ጓንትና ዓይነ ርግብ አዲስ ግዙ፤ አንዲት ቀዳዳ ትበቃለች። ማር የሚያወጣው ማሽን ከዛገ አትንኩት፣ ማር አሲድ ስላለው ዝገቱን ይዞ ይወርዳል። ደግሞ በሦስት በአራት ቀፎ ማሽን መግዛት ለምን? ተዋሱ።

7. ንብ ካለበት የንቡንና የሣጥኑን ዋጋ ለየብቻ ተነጋገሩ። ሻጭ መደባለቅ ይወዳል። ቀን ሄዳችሁ መግቢያው ላይ ቁሙ፤ እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ጭነው የሚገቡ ብዙ ከሆኑ እጭ እየመገቡ ነው፣ መልካም ምልክት ነው። ከዚያ ከኋላ ብድግ አድርጋችሁ ክብደቱን ገምቱ። ቀላል ከሆነ ርቦታል፤ የተራበ የኛ አገር ንብ ደግሞ ለመጥፋት አይቸገርም፣ በዚያ ልክ ቀንሱ። ገንዘቡን ስጡና ሲመሽ፣ ሁሉም ሲገባ፣ መግቢያውን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዘግታችሁ ተሸከሙት።