ጋሪው ተበላሸ ወይስ ቤተሰቡ በዛ? የህፃን ጋሪ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሁለተኛ ልጅ ሲጠበቅ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ የጋሪ ጉዳይ ነው። «የትኛው ሞዴል ይሻላል?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «አሁን ያለው ምን አስቸገራችሁ?» እላለሁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ወይ በር ነው፣ ወይ ደረጃ ነው፣ ወይ ደግሞ መንገድ መሃል ቁጭ የሚለው ትልቁ ልጅ ነው። በጋሪው ጥራት የሚያማርር እምብዛም አላጋጠመኝም።

ይህን የተማርኩት ከራሴ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ሶፋ የሚያክል፣ ጎማው የብስክሌት የሚመስል ጋሪ ገዛን። ሱቅ ውስጥ በአንድ ጣት ይገፋ ነበር። ቤት ስንደርስ ሊፍቱ ውስጥ ገባ፣ የሊፍቱ በር ግን አልዘጋ አለ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በደረጃ ተሸከምኩት። ስለዚህ ከዚህ በታች የሞዴል ስም አታገኙም። የራሳችሁን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

ጋሪው አንድ፣ የሚደክማቸው ልጆች ሁለት

ትንሹ ጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ትልቁ «አዝሉኝ» ብሎ መሬት ላይ ተዘርፍጧል። አንድ እጃችሁ ጋሪ ይገፋል፣ ሌላው ልጅ ይጎትታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ በቀጥታ ሮጦ የሁለት ልጅ ጋሪ ይገዛል። ቆይ፣ ቆይ። መጀመሪያ የዕድሜ ልዩነታቸውን አስሉ። መንትዮች ከሆኑ ወይም ልዩነቱ ከሁለት ዓመት በታች ከሆነ ብዙም ክርክር የለውም፣ የሁለት ልጅ ጋሪ ያስፈልጋችኋል። ትልቁ ገና ረጅም መንገድ የሚሄድበት እግር የለውም፣ ቢሄድም ወደፈለጋችሁበት አይሄድም። ልዩነቱ ሁለት ዓመት ተኩል ወይም ሦስት ዓመት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትንሹ ቁጭ ብሎ መንገድ ማየት ሲጀምር ትልቁ አብዛኛውን ሰዓት በእግሩ መሄድ ይፈልጋል። ያን ግዙፍ ጋሪ በደንብ የምትጠቀሙበት ለጥቂት ወራት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ለእንደነዚህ ዓይነት ቤተሰቦች እኔ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ከጋሪው ኋላ የሚገጠም፣ ትንንሽ ጎማ ያለው መቆሚያ ነው። ትልቁ ልጅ ሲደክመው ይወጣበታል፣ ሲያሻው ይወርዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ከጋሪያችሁ ጋር መግጠሙንና ስንት ኪሎ እንደሚችል እዩ። አንድ ጣጣ አለው። መቆሚያው ሲገጠም የምትራመዱበት ቦታ ይጠባል፣ ረጅም ሰው ከሆናችሁ ቅልጥማችሁ ይመታል። ሁለተኛው ደግሞ ትንሹን በማዘያ ደረታችሁ ላይ አድርጎ ትልቁን ባለው ጋሪ ማስቀመጥ ነው። ይህኛው አዲስ ጋሪ አያስገዛም።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚረሳው ኪሎ ነው። የ3 ዓመት ልጅ በአማካይ 14 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ብዙ ጋሪ ደግሞ የተሠራው እስከ 15 ኪሎ እንዲሸከም ነው። የአውሮፓው የጋሪ መስፈርት፣ ኢኤን 1888 የሚባለው፣ በሁለት ክፍል የተጻፈው ለዚህ ነው። አንደኛው ክፍል እስከ 15 ኪሎ፣ ሁለተኛው ከዚያ በላይ እስከ 22 ኪሎ ለሚችሉት ነው። ቁጥሩ ጋሪው ላይ ወይም መመሪያው ላይ አለ። ትልቁን ልጅ ለአንድ ዓመት ተጨማሪ ልታስቀምጡት ካሰባችሁ 22 የሚለውን ፈልጉ።

የሁለት ልጅ ጋሪ የግድ ነው ካላችሁ ምርጫው ሦስት ነው። ጎን ለጎን የሆነው ለመጠምዘዝ ቀላል ነው። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይም ብዙ ሳያታግል ይወጣል። ልጆቹ እኩል ያያሉ። ችግሩ ስፋቱ ነው፣ ብዙዎቹ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ልጆቹ የሚቀመጡትም ፀጉር ለመጓተት በሚመች ርቀት ላይ ነው፣ ይህን ካታሎጉ አይነግራችሁም።

ፊትና ኋላ የሆነው የነጠላ ጋሪ ያህል ስለሚጠብ በር አያስመርጥም። ግን ረጅም ነው። ጠርዝ ላይ ለማውጣት እጀታውን ወደ ታች ተጭኖ የፊቱን ጎማ ማንሳት ያስፈልጋል፣ ሁለት ልጅ ተቀምጦበት ይህ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ከነጠላ ወደ ሁለት የሚለወጠው ነው። ሐሳቡ ጎበዝ ነው፣ ዛሬ ለአንድ ልጅ ገዝታችሁ ነገ መቀመጫ ትጨምሩበታላችሁ። ግን ሁለተኛው መቀመጫ በአብዛኛው ታች፣ ዕቃ መያዣው ቅርጫት ባለበት ነው የሚገጠመው። ማለትም ዕቃችሁ እጥፍ በሚሆንበት ሰዓት ቅርጫቱን ታጣላችሁ። ተጨማሪው መቀመጫ ለብቻው የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞዴሉ ተቀይሮ ላታገኙት ትችላላችሁ። እንዲህ ዓይነቱን ከወደዳችሁ መቀመጫውን አብራችሁ ግዙ።

የትኛውንም ስትሞክሩ ባዶውን አትግፉት። ሱቅ ውስጥ ባዶ ጋሪ ሁሉ ይንሸራተታል። አሥር ሊትር ውኃ አሥር ኪሎ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ወይም ሁለቱን ልጆች ራሳቸውን አስቀምጡና አንድ ጠርዝ አውጡት፣ አንዴ ደግሞ በቦታው አዙሩት።

በር አያስገባም፣ መኪናም ውስጥ አይገባም

ይህ ችግር የሚፈታው ሱቅ ከመሄድ በፊት ነው። ሜትር ያዙና የምታልፉበትን ጠባብ በር ሁሉ ለኩ። የቤት በር፣ የሊፍት በር፣ የሊፍቱን ውስጥ ጥልቀት ጭምር። በር ስትለኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የሚቀረውን ክፍተት እንጂ ፍሬሙን አትለኩ። የጋሪው ስፋት ደግሞ የሚለካው በኋላ ጎማዎቹ ውጫዊ ጫፍ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊው ቦታ እሱ ነው።

መኪና ካላችሁ የዕቃ መጫኛውን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። «ታጥፎ» የሚለው መጠን አንዳንዴ ጎማው ተነቅሎ ስለሆነ ሻጩን ጠይቁ። በየቀኑ ጎማ እየነቀሉ መጫን ማንም የሚቀጥልበት ነገር አይደለም።

ያለቅጥ ይከብዳል

ምልክቱ ወገብ ላይ ነው። ደረጃ ያለበት ቤት፣ አውቶቡስ፣ ባቡር የሚበዛበት ሕይወት ከሆነ 13 ኪሎ ጋሪ ላይ 8 ኪሎ ልጅ ሲጨመር 21 ኪሎ ትሸከማላችሁ።

ይህ የቆየ ብሶት ነው። እንግሊዛዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኦወን ማክላረን በ1965 እ.ኤ.አ. እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ጋሪ የሠራው ልጁ ከባድ ጋሪ ይዛ ከሞስኮ እስከ እንግሊዝ መጓዙ ስላማረራት ነበር። ሰውየው ቀደም ሲል የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን የማረፊያ እግር የነደፈ ነው። ቀላል አሉሚኒየምንና ተጣጣፊ እግርን ከዚያ ያውቃቸዋል። ዛሬ በሱ መንገድ የተሠሩት ጋሪዎች ከ5 እስከ 7 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ።

መፍትሄው ግን «ቀላሉን ግዙ» ብቻ አይደለም። ቀላል ጋሪ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጎማ አለው፣ ትንሽ ጎማ ደግሞ ኮረት መንገድ ላይ ይቆፍራል። ከቀኑ ውስጥ የምትሸከሙበት ሰዓት ይበልጣል ወይስ የምትገፉበት? ሸክሙ ከበለጠ ክብደቱን ቀንሱ። መግፋቱ ከበለጠ ጎማውን አሳድጉ። መንገዳችሁ ድንጋያማ ከሆነ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ የሚቆለፍ ይሁን። አስተጣጠፉንም ሞክሩት። አንድ እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱና በሌላው እጠፉት። የዛኛው እጅ ሥራ ልጅ መያዝ ነው።

ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል

እዚህ ላይ አዲስ ጋሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብዛኛው በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል ነው።

ባዶውን ጋሪ ለጥ ባለ ወለል ላይ ትንሽ ገፋ አድርጉና ልቀቁት። ባዶውን ቀጥ ብሎ ሄዶ ልጆች ሲቀመጡበት ብቻ የሚጎትት ከሆነ ምክንያቱ የክብደት ልዩነት ነው። ጎን ለጎን ጋሪ ላይ 5 ኪሎና 13 ኪሎ ሲቀመጡ ወደ ከባዱ መሳቡ የተፈጥሮ ነው። የቅርጫቱን ዕቃ ወደ ቀላሉ ወገን አድርጉት፣ በቂ ነው።

ባዶውንም የሚጎትት ከሆነ ጎማዎቹን ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ። አየር የሚሞላ ጎማ ከሆነ አንዱ ቀንሶ ይሆናል። ስንት እንደሚሞላ ብዙ ጊዜ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ሁለቱንም እኩል ንፉ። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ ከመነዳሪው ተበስቷል። መንፋት ከሰለቻችሁ ለሚቀጥለው ጋሪ ፎም ጎማ ምረጡ፣ አይበሳም። ትንሽ ይደርቃል እንጂ።

ጎማው እኩል ከሆነስ? ፀጉር ነው። አትሳቁ። ጎማውን ንቀሉት፤ ብዙዎቹ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ይወጣሉ። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ፀጉር፣ ክርና ጭቃ ታገኛላችሁ። በመቀስ ቆርጣችሁ በወረንጦ አውጡት። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉትና ሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት። የምግብ ዘይት በጭራሽ አታድርጉ፣ ለሁለት ቀን ጸጥ ይልና አቧራ ሰብስቦ ከበፊቱ የባሰ ይጮኻል።

በፍጥነት ሲገፋ ብቻ የፊት ጎማው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ቀጥ አድርጋችሁ ቆልፉት። ይህም ካልረዳ አራቱም ጎማ እኩል መሬት መንካቱን እዩ። አንዱ አየር ላይ ከቆመ ፍሬሙ ተጣሟል። እሱን በጉልበት ለማቃናት አትሞክሩ፣ የታጠፈ ብረት ሲቃና ይደክማል። ለሠሪው ወይም ለሻጩ ውሰዱት።

ወደ ኋላ ይገለበጣል

ምክንያቱ እጀታው ላይ የተሰቀለው ቦርሳ ነው። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ክብደቱ ይመዛዘናል፣ ልጁን ስታነሱት ጋሪው በጀርባው ይወድቃል። ከዚህ የባሰው ልጁ ገና ውስጡ እያለ ሲሆን ነው። ዕቃውን ታች ቅርጫት ውስጥ አድርጉ። ከኋላው መቆሚያ ካለ ትልቁ ልጅ መጀመሪያ ይውረድ፣ ከዚያ ትንሹን አንሱ።

የአራሱ አገጭ ደረቱ ላይ ይወድቃል

ይህን አታሳልፉት። አራስ አንገቱን መሸከም ስለማይችል ቀና ብሎ በተሠራ መቀመጫ ላይ ይቆለመማል፣ አየር ቧንቧውም ሊጠብ ይችላል። ምክንያቱ የመቀመጫው ዓይነት ነው። ትራስ በመደርደር አይፈታም። እስከ 6 ወር ገደማ፣ ያለድጋፍ መቀመጥ እስኪጀምር፣ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚዘረጋ ጋሪ ወይም የአራስ መተኛ ያስፈልገዋል። ጋሪ ላይ ቀጭ የሚለው የመኪና ወንበር ምቹ ነው፣ ግን ለአጭር መንገድ ነው። ቤት ሲደርስ ህፃኑን አውጡና አልጋ ላይ አስተኙት።

የሁለት ልጅ ጋሪ ከገዛችሁ ቢያንስ አንዱ መቀመጫ ሙሉ በሙሉ የሚዘረጋ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዶቹ ላይ የሚዘረጋው አንዱ ቦታ ብቻ ነው፣ እሱም ትልቁ ልጅ የማይለቀው ሆኖ ይገኛል።

ልጁ ጋሪው ውስጥ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል

ፀሐይ እንዳይመታው ብላችሁ ጋሪውን በፎጣ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍናችሁታል? አንሱት። አየር ስለማይዘዋወር ውስጡ ቶሎ ይግላል። ጥላው ወደ ፊት የሚረዝም፣ ከኋላው የመረብ መስኮት ያለው ጋሪ ይሻላል።

እግሬ ከጎማው ጋር ይጋጫል

እጀታው አጥሮባችኋል። እናትና አባት በቁመት የሚለያዩ ከሆነ ከፍ ዝቅ የሚል እጀታ ትልቅ ነገር ነው። ክርናችሁ ትንሽ ታጠፍ ብሎ መግፋት ከቻላችሁ ልኩ ነው።

ያገለገለ ጋሪ ሰጡን፣ እንቀበል?

ተቀበሉ፣ ግን መርምሩት። መጀመሪያ ፍሬኑን ይዛችሁ ቁልቁለት ላይ ግፉት። ከተንሸራተተ ጎማው ወይም የፍሬኑ ጥርስ አልቋል። ቀበቶው አምስት ነጥብ ያለው ይሁን፤ ሁለት ትከሻ፣ ሁለት ወገብ፣ አንድ እግር መሃል። ዘለበቱ ቀጭ ብሎ ይቆለፍ፣ ሳብ ስታደርጉት አይከፈት።

ከዚያ የሚታጠፍበትን ማጠፊያ እዩ። በ2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ጋሪዎች እንዲታረሙ የተጠሩት በማጠፊያቸው የልጆች ጣት ጫፍ ስለተቆረጠ ነው። መፍትሄው ማጠፊያውን የሚሸፍን ልባስ ነበር። በእጃችሁ ያለው ጋሪ እንዲህ ዓይነት ጥሪ ወጥቶበት እንደሆነ የሞዴሉን ስምና የተሠራበትን ዓመት ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። ጽሑፉ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። ስትዘረጉና ስታጥፉ ሁልጊዜ ልጆቹን አርቁ፣ በተለይ «እኔ ልርዳ» የሚለውን ትልቁን።

በመጨረሻም ዘርግታችሁ ቆልፉትና እጀታውን ወደ ታች ጫኑ። መቆለፊያው ከለቀቀና ጋሪው ራሱን ማጠፍ ከጀመረ፣ የሰጣችሁን ሰው አመስግናችሁ መልሱለት።