የ12 ድምፅ የፒያኖ ሙዚቃን ለጊታር ስታቀናብሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ፒያኖ ያለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ጊታር ግን ባሕር ዳርም አለ፣ ደብረ ማርቆስም አለ፣ ዳንግላም አለ። ስለዚህ የኦስትሪያዎቹን የሙዚቃ ደራሲዎች፣ የአርኖልድ ሾንበርግን ወይም የአንቶን ቬበርንን የፒያኖ ሥራ ከስልክ ሳይሆን ከሰው እጅ መስማት ለሚፈልግ፣ ቅርቡ መንገድ ለጊታር ማቀናበር ነው። ሥራው ያምራል፣ ይቻላልም። ግን ዘፈን ለጊታር ስናቀናብር የለመድነው ብልሃት ሁሉ እዚህ አይሠራም። አንዳንዱ እንዲያውም ሙዚቃውን ያፈርሰዋል።

ለጀማሪ ባጭሩ ላስረዳ። ሾንበርግ የ12 ድምፅ አሠራርን መልክ ያስያዘው በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ነው። ዘዴው 12ቱን ድምፆች በአንድ ቅደም ተከተል መደርደር ነው። እኔ ይህን ድርድር ተርታ እለዋለሁ። ተርታው እንዳለ ይሄዳል፤ ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የወጣው እየወረደ የወረደው እየወጣ ይገለበጣል፤ የተገለበጠውም ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። አራቱም ከ12ቱ ድምፆች ከየትኛውም መነሳት ስለሚችሉ በጠቅላላው 48 መልክ ይኖረዋል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ማንም ድምፅ ማረፊያ አይሆንም። ሁሉም እኩል ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን እኩልነት ሳናውቀው የምንሰብርባቸው ናቸው። ኖታዎቹን በዶ ሬ ሚ እጠራለሁ።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ገና ከመጀመሪያው፣ ኖታ ሲቀንስ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው፤ ተጫዋቹ 10 ጣት ያሰማራል። ጊታር 6 ክር ነው፤ ግራ እጅ ላይ የሚሠሩት ጣቶች 4 ናቸው። መቀነስ የግድ ይመስላል። የተለመደ ዘፈን ላይ ኮርድ ውስጥ የተደገመ ድምፅ ስለሚኖር አንዱን ብትጥሉት ማንም ልብ አይልም። እዚህ ግን እያንዳንዱ ኖታ በተርታው ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። የዋሸራ ቅኔ ተማሪ አንድ ቃል ቢያጎድል ሰሙም ወርቁም አብሮ እንደሚፈርስበት ማለት ነው። ስለዚህ ጊታር ከማንሳታችሁ በፊት እርሳስ አንሱ። የፒያኖው ኖታ ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ጻፉ፤ የትኛው መልክ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ ለዩ። ከዚያ በኋላ መጨናነቅ ሲመጣ መጀመሪያ የምትቀንሱት የኖታውን ርዝመት ይሁን። ፒያኖው ለሁለት ምት የያዘውን እናንተ ለአንድ ምት ያዙት። ካልበቃ ኮርዱን በትናችሁ አንድ በአንድ ምቱት። ካልበቃ ኦክታቭ ቀይሩ፤ ማለትም ያንኑ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቦታው ምቱት። አሁንም ካልበቃ ሁለተኛ ጊታር ጨምሩ። ኖታ መጣል የመጨረሻው ነው።

ኦክታቭ መቀየሩም ቢሆን ያለ ሒሳብ አይሆንም። ለተርታው ቁጥር ኦክታቭ ለውጥ አያመጣም፤ ሚ የትም ብትሆን ሚ ናት። ለጆሮ ግን ያመጣል። ጥሩ ምሳሌ የቬበርን የፒያኖ ቫሪዬሽን ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 27 ነው፤ የ1936 ሥራ። ሁለተኛው ክፍል ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ነው። ኖታዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ ከመካከለኛው ዶ በላይ ካለው ላ ምን ያህል ከፍ ካለ፣ ሌላው ያንኑ ያህል ዝቅ ይላል። ጊታር ላይ ያ ላ 1ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ነው። አሁን ከጥንዶቹ ላይኛው በጣም ከፍ አለብኝ ብላችሁ አንድ ኦክታቭ ብታወርዱት መስተዋቱ ተሰበረ። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ላይኛውን አንድ ኦክታቭ ካወረዳችሁ ታችኛውን ጓደኛውን አንድ ኦክታቭ አንሱት። ሁለቱም ወደ መሐል ይገባሉ፣ ጊታሩም ይደርስባቸዋል፣ መስተዋቱም ይተርፋል።

ሌላው ቀላል ግን አደገኛ ነገር፦ ጊታር የሚሰማው ከተጻፈበት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ነው። የፒያኖውን ኖታ እንዳለ ገልብጣችሁ ከጻፋችሁ ሥራው በሙሉ አንድ ኦክታቭ ወርዷል። አንዳንዴ ይህ ይጠቅማል። ሆን ተብሎ ይሁን እንጂ ሳይታወቅ አይሁን።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ፤ ክፍት ክሮች። የጊታርን ክፍት ክሮች ተመልከቱ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ከሶል ጀምራችሁ ደርድሯቸው። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው! ጊታሩ ማንም ሳይነካው ትዝታ ተቃኝቶ ተቀምጧል። አምስቱ ድምፆች የራሳቸው ክፍት ክር አላቸው። የቀሩት ሰባት፣ ማለትም ዶ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል ሻርፕና ሲ ፍላት፣ የላቸውም። ክፍት ክር ደግሞ በጣት ከተያዘው በላይ ይጮኻል፣ ይረዝማል። ሳትመቱት እንኳ ሌላ ክር ላይ ሚ ወይም ላ ሲሰማ አብሮ ይርገበገባል። ውጤቱን አስቡት። በወረቀት ላይ 12ቱም እኩል ናቸው፤ በጆሮ አምስቱ ገዢ ሆነዋል። የእኛ ሰው ጆሮ ደግሞ ከክራርና ከማሲንቆ ጋር ያደገ ነው፤ ትዝታን ከሩቅ ይለያል። አንዴ ከያዘው ሌሎቹን ሰባት ድምፆች ስህተት አድርጎ ይሰማቸዋል። «ጊታሩ አልተቃኘም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በሚቻልበት ሁሉ እነዚህን አምስት ድምፆችም በጣት ያዟቸው። ሲን 3ኛው ክር 4ኛ ፍሬት ላይ፤ ላይኛዋን ሚ 2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ፤ ሶልን 4ኛው ክር፣ ሬን 5ኛው ክር፣ ላን 6ኛው ክር ላይ፣ ሦስቱንም በ5ኛ ፍሬት። ታችኛዋ ሚ ብቻ መሸሻ የላትም፤ እሷን ለስለስ አድርጋችሁ ምቱ። የማትጫወቱበትን ክር በቀኝ አውራ ጣት ጎን ዝም አሰኙት። የዝምታውን ቦታ ኖታው ላይ ምልክት አድርጉበት፤ ለተጫዋቹ ግምት አይተው።

ይህን ስል ክፍት ክር ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። የሾንበርግን የፒያኖ ስዊት ኦፐስ 25 ውሰዱ። ከ1921 እስከ 1923 የተጻፈ ሲሆን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ተርታ የተሠራ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ተርታው ከሚ ተነስቶ ሲ ፍላት ላይ ያልቃል። ሾንበርግ የተጠቀመው ከሚ ወይም ከሲ ፍላት የሚነሱትን መልኮችና የእነሱን የኋሊት ብቻ ነው። በሁሉም ውስጥ ሶልና ሬ ፍላት ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሙዜት በተባለው ክፍል ሶል እንደ ከበሮ እየተደጋገመ ይሄዳል፤ እዚያ 3ኛው ክር ክፍት ሆኖ ቢጮኽ ሙዚቃው የሚፈልገው ነው። «ለጊታር እንዲመች» ተብሎ ሥራው ወደ ሌላ ድምፅ ሲዘዋወር የሚጠፋው እንዲህ ያለው ዕድል ነው። እዚህ ሙዚቃ ላይ ቁልፍ የሚባል ነገር ስለሌለ የሚመች ቁልፍ ፍለጋ ትርጉም የለውም። ማዘዋወር ካለባችሁ ሙሉውን በእኩል አዘዋውሩ፣ ምክንያታችሁም የእጅ አቀማመጥ ይሁን።

ባስ ማወፈርም ልማድ ነው። ጊታሪስት ባዶ ቦታ ሲያይ አውራ ጣቱ ታችኛዋን ሚ ይፈልጋል። አትጨምሩ! በኦክታቭ መደገም አንዱን ድምፅ ከ11ዱ በላይ ያነግሠዋል።

የጣት ርቀትን ሳይለኩ መጻፍም አለ። ሁለት ጎረቤት ድምፆችን፣ ለምሳሌ ሚና ፋን፣ በአንድ ጊዜ መምታት ለፒያኖ ቀላል ነው። ጊታር ላይ 2ኛው ክር 5ኛ ፍሬትንና 1ኛው ክር 1ኛ ፍሬትን መያዝ ይጠይቃል፤ ለብዙ እጅ ከባድ ነው። 3ኛውና 2ኛው ክር ላይ ግን ርቀቱ በአንድ ፍሬት ያጥራል። ከ7ኛ ፍሬት በላይ ደግሞ ፍሬቶቹ ስለሚጠቡ ይቀላል። አንዱን ድምፅ በክፍት ክር መምታትም መውጫ ነው። እንደ ሚና ላይኛዋ ሚ ፍላት ያለ ሰፊ ርቀት ግን አንድ ክር ዘለል ብሎ በአንድ ወይም በሁለት ፍሬት ልዩነት ይያዛል። እንዲህ ያሉ ርቀቶች በዚህ ሙዚቃ ሞልተዋል፤ ጊታር የታደለው እዚህ ላይ ነው።

ኮምፒውተርን ማመን ሌላ ጣጣ ያመጣል። የኖታ መጻፊያው ፕሮግራም ሙዝስኮር በእጅ የማይቻለውንም ያለ ችግር ያጫውታል። እያንዳንዱን መስመር በእጃችሁ ያዙት፤ ክሩንና ጣቱን በቁጥር ጻፉ። የሠርግ ኪቦርድ ላይ የምታዳምጡ ከሆነም ለጣት ክብደት የማይሰማውን ተዉት። ቬበርን ላይ ጮክና ለስለስ የሚለው ምልክት ጌጥ ሳይሆን የሥራው አጥንት ነው። ጊታር ፒያኖን በጉልበት አይደርስበትም፤ ስለዚህ ለስለስ የሚለውን ይበልጥ አለስልሳችሁ ልዩነቱን ጠብቁ። ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አትግጠሙ፤ አንገቱን ያጣምመዋል፣ ክፍት ክሮቹንም ይበልጥ ያስጮኻቸዋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ለጊታር ጽፈዋል። ሾንበርግ ሴሬናድ ኦፐስ 24 ላይ ጊታር አስገብቷል። ቬበርን በ1925 ኦፐስ 18ን ለድምፃዊ፣ ለክላርኔትና ለጊታር ጽፏል። በዚሁ ዘዴ የጻፈው ኤርንስት ክሬኔክ ደግሞ በ1957 ለብቸኛ ጊታር ስዊት ሠርቷል። ቅንብር ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አንብቡ። ጊታሩ ምን ያህል ኖታ እንደተሰጠው፣ ምን ያህል ዝም እንደሚል ታያላችሁ።

መብትንም አትዝለሉ። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ቬበርን በ1945፣ ሾንበርግ በ1951 (እ.ኤ.አ.) አርፈዋል። ክሬኔክ ግን ያረፈው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ 50 ዓመቱ ገና አልሞላም፤ የእሱን ሥራ ለማቀናበር ፈቃድ ጠይቁ። ቅንብራችሁን ኢንተርኔት ላይ ስትለቁ የሌሎች አገሮች ሕግም ስለሚመጣ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት አሳታሚውን ጠይቁ።