የፔጆ 404 አሮጌ ብሮሸር ካገኙ እንዴት ይይዙታል?

ሐረርን ያየ ሰው ነጭና ሰማያዊ የተቀቡትን የፔጆ 404 ታክሲዎች አይረሳም። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ሲቀርብ ግን ሌላ ቀለምም ነበረው። የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው ያ ሹል የኋላ ክንፍ በክሬምና በግራጫ አምሮ የሚታየው በመሸጫ ብሮሸሩ ላይ ነው። ከአባትዎ ሣጥን አንድ ቢያገኙ፣ እባክዎ ሳይቸኩሉ ይያዙት።

እጅዎን ታጥበው ያድርቁ። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ከመሃል ወደ ጠርዝ ያራግፉ። እርጥብ ጨርቅ ፈጽሞ አያስነኩት፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ውሃ ከነካው ገጽ ከገጽ ይጣበቃል፣ ሲላቀቅም ሥዕሉን ገሽልጦ ይነሳል።

የሚያስቸግረው ገጾቹን የያዘው ሽቦ ነው፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላዋል። የሽቦውን እግሮች ከውስጠኛው ገጽ በቀጭን ቢላዋ ቀስ ብለው ያቃኑ፣ ከጀርባ በኩል ስበው ያውጡት፣ ከዚያም በዚያው ቀዳዳ በነጭ ክር ይስፉት። ክሩን ከሐረሩ የልብስ ሰፊዎች ሰፈር ከመኪና ግርግር ይግዙ፤ የጥጥ መሆኑን ግን ይጠይቁ። (የሰፈሩ ስም የመጣው ከአውቶሞቢል ሳይሆን ከልብስ ስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው።) የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ላሚኔት ማስደረግማ መመለሻ የለውም።

ዘመኑን ለማወቅ የመጨረሻውን ገጽ ግርጌ ይመልከቱ፤ ዓመቱ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ዳሽቦርዱን ይዩ። በቀደሙት 404ዎች የፍጥነት መለኪያው አግድም የተዘረጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በሦስት ክብ ሰዓቶች ተተክቷል።

ሲያስቀምጡ ጠፍጣፋ አድርገው ያስተኙት። ድሬዳዋ ከሆኑ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቁም ሣጥን አናት ያርቁት፤ ሙቀቱ ወረቀቱን ያደርቀዋል። ምስጥ እንዳያገኘው ከወለልና ከግድግዳም ያርቁት።

በመጨረሻ በስካነር ያንሡት፤ ለሰው የሚያሳዩት ቅጂውን ይሁን። እኔ ቅጂውን ይዤ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ሄጄ ለአንድ አዛውንት ሹፌር አሳየኋቸው። ጣታቸውን ክሬሟ መኪና ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ የታክሲያቸውን በር ከፍተው የጠርዙን ጎማ ገለጥ አደረጉልኝ፤ ከሰማያዊው ሥር ያው ክሬም ቀለም አለ።