ሙሉውን እዩ፦ ለአዲስ የኳስ፣ የሮክ እና የፊልም ወዳጅ

ጎል ብቻ አይቶ ኳስ አየሁ ማለት አይቻልም። የዘፈን ቁራጭ ቲክቶክ ላይ ሰምቶ ሮክ አውቃለሁ ማለትም፣ አንድ ሰው ዩቲዩብ ላይ በአሥር ደቂቃ ሲተርከው አዳምጦ ፊልሙን ጨረስኩት ማለትም ያው ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ ክርክሩ ሁሌም ሞቅ ያለ ነው። ግን "ጨዋታውን ሙሉ ያየው ማነው?" ብላችሁ ስትጠይቁ ግማሹ ዝም ይላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም እኔ ሦስቱንም የምወዳቸው ቁራጭ ውስጥ ለማይገባው ክፍላቸው ነው። ስለዚህ ለታናናሾቼ እንዴት ማየትና እንዴት መስማት እንደሚሻል ልንገራችሁ።

ከኳስ እንጀምር

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁ። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። መስከረም ላይ 11 ሰዓት የሚጀምረው የቅዳሜ ጨዋታ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ 12 ሰዓት ይሆናል፣ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ተመልሶ 11 ይገባል። ሻምፒዮንስ ሊግም እንደዚያው ከምሽቱ 4 ወደ 5 ይሄዳል። ዲኤስቲቪ ቤት የምታዩ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ግቡ። ቴሌቪዥኑ ስር አትለጠፉ፤ ራቅ ብላችሁ መሐል ላይ ተቀመጡ።

አሁን ዋናው ነገር። የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ኳሷን አትከተሉ። ከባድ ነው፣ ዓይን በራሱ ወደ ኳሷ ይሄዳል፤ ግን ሞክሩት። ተከላካዮቹ ስንት ናቸው? መስመራቸው ወደ መሐል ሜዳ ተጠግቷል ወይስ ግብ ጠባቂው እግር ስር ነው? የመስመር ተከላካዩ ሲወጣ ባዶውን ቦታ የሚሸፍንለት ማነው? ከዚያ አንድ አማካይ ምረጡና ኳስ ሳይዝ ምን እንደሚሠራ ብቻ ተመልከቱ። ጥሩ አማካይ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ዞር ዞር ብሎ ያያል። ይህን አንዴ ካስተዋላችሁ በኋላ በፊት በምታዩበት ዓይን አታዩም።

ለምን እንደምጨቀጭቃችሁ በምሳሌ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. 2005 ኢስታንቡል ላይ በተደረገው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍፃሜ ሚላን ሊቨርፑልን በመጀመሪያው አጋማሽ 3 ለ 0 መራ። ክሊፑ ላይ የምታዩት ከዕረፍት በኋላ በስድስት ደቂቃ ውስጥ የገቡትን ሦስት ጎሎችና የፍፁም ቅጣት ምቱን ድል ነው። የማታዩት ግን በዕረፍት ላይ የመስመር ተከላካዩ ስቲቭ ፊናን ወጥቶ ዲትማር ሃማን መግባቱን ነው። ሊቨርፑል ከኋላ ወደ ሦስት ተከላካይ ተቀየረ፣ ሃማን የሚላኑን አማካይ ካካን የሚይዝለት ሰው ሆነ፣ የሊቨርፑሉ አምበል ጄራርድ ደግሞ ወደ ፊት ለመውጣት ነፃነት አገኘ። የመጀመሪያውን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረውም እሱ ነው። ስለ ወኔ የሚወራው ልክ ነው፣ ወኔ ነበር። ግን ጨዋታውን ሙሉ ያየ ሰው ከወኔው በፊት የአሠልጣኙን ውሳኔ ያያል።

የራሳችንም ታሪክ እንዲሁ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ውጤቱ 4 ለ 2 ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው ቀላል ድል ይመስለዋል። ግብፅ ግን ሁለት ጊዜ መርታለች፣ ሁለቴም ተከታትለን አቻ አድርገናል፣ ያሸነፍነውም በተጨማሪ ሰዓት ነው። የመንግሥቱ ወርቁንና የቫሳሎ ወንድማማቾችን ስም የምታውቁ ከሆነ ያንን ጭንቀትም እወቁላቸው።

አፄዎቹ የሚባለውን የጎንደር ክለብ ፋሲል ከነማን ሳላነሳ አላልፍም። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያሸንፍ ጨዋታዎቹ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ ነበር የሚካሄዱት። ጎንደሬው አፄዎቹ ሻምፒዮን ወደሆኑበት ዋንጫ ሲጓዙ ፋሲለደስ ስታዲየም ተቀምጦ አላያቸውም፣ በቴሌቪዥን ነው የተከታተላቸው። እስካሁን ይቆጨኛል። ቴሌቪዥን ኳሷ ያለችበትን ነው የሚያሳየን፣ ሌላውን ግማሽ ሜዳ ይደብቃል። ስለዚህ ምክሬ የሰፈር ውድድር ባለበት ሁሉ ሂዱ ነው። ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ ሜዳው አቧራም ይሁን ጭቃ፣ ጎሉ ጀርባ ሳይሆን መሐል መስመሩ ጋ ቁሙ። ተከላካዮች እንዴት እንደሚጯጯሁ፣ አጥቂው ኳስ ሳይደርሰው ስንት ጊዜ እንደሚሮጥ የምታዩት እዚያ ነው።

ሜሲ ወይስ ሮናልዶ የሚለውን ክርክር ተዉት፣ ምንም አዲስ ነገር አይወጣውም። ቪኤአርን፣ ማለትም በቪዲዮ የሚታገዘውን ዳኝነት በተመለከተ ደግሞ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ለቀይ ካርድና ለፍፁም ቅጣት ምት ይሁን፤ የአጥቂ የእግር ጣት ከኦፍሳይድ መስመሩ ወጣ አልወጣ እያሉ የጎል ደስታን ለደቂቃዎች ማቆም ግን የኳስን ነፍስ ይነካል።

ሮክ ጩኸት አይደለም

"ሮክ ምናችን ነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሐምሌ 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይና ፊላደልፊያ ላይ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት የተዘጋጀው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ያን ቀን የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ክዊን መድረክ ላይ የቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ከዚያ ጀምሩ፣ ሃያውንም ደቂቃ ሳታቋርጡ። ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ ያን ሁሉ ሕዝብ በድምፁ ብቻ ሲመራው ታያላችሁ። እኔ ከዚያ የተሻለ የመድረክ ሥራ አላየሁም።

ቀጥሎ አልበም ስሙ። ዘፈን ሳይሆን አልበም። ፒንክ ፍሎይድ የተባለውን ባንድ እ.ኤ.አ. የ1973ቱን "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" የምመክረው ለዚህ ነው፤ አሥር ሥራዎች፣ 43 ደቂቃ ገደማ፣ አብዛኞቹ አንዱ ከሌላው ጋር ተያይዘው የሚሄዱ። አፑ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀውን ቁልፍ አጥፉት፣ አለበለዚያ ሥራውን ትበጣጥሱታላችሁ። መብራትና ኔትወርክ አይታመኑምና ቀድማችሁ አውርዱት፣ ማዳመጫ አድርጉ፣ ስልኩን ገልብጡት። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ሁለተኛ ጊዜ ቤዝ ጊታሩን ብቻ ተከተሉ። ሦስተኛ ጊዜ ከበሮውን። ያኔ ጩኸት የመሰላችሁ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች እርስ በርስ ሲደማመጡ ትሰማላችሁ።

ጎንደር ያደገ ጆሮ ደግሞ ለዚህ ባዕድ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲጫወት ቅኝቱ በአምስት ድምፆች ላይ የቆመ ነው። አብዛኛው የሮክ ጊታር ሶሎም ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ የወረሰው ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ላይ ነው የሚመላለሰው። ቅኝቱ አንድ ነው እያልኩ አይደለም፤ ጆሯችሁ ግን መንገዱን ያውቀዋል።

ከባድ ሮክ ወይም ሜታል ከፈለጋችሁ ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ ጋ ሂዱ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ ወጣት ሳለ ፋብሪካ ውስጥ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ አጥቷል። ግራኝ ስለሆነ ደግሞ የተጎዱት ጣቶች ክሩን የሚጫኑት ናቸው። ከፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠራ፣ በኋላም ጣቱን እንዳያሳምመው ክሮቹን አላላ። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ከበደ። ያ የከበደ ድምፅ የሜታል መለያ ሆነ። ይህን እያሰባችሁ ስሙት።

ፊልም ላይ ስልክ ይጥፋ

ሪካፕ፣ ማለትም ፊልሙን በአጭሩ የሚተርክ ቪዲዮ፣ አልወድም። ትርጉም ፊልም ቋንቋ ለሚቸግረው ሰው ይጠቅማል፣ አልቃወምም፤ ለእናቴም እኔው ነኝ የምከፍትላት። ሪካፕ ግን ታሪኩን ነግሮ ፊልሙን ይወስድባችኋል። ፊልም ታሪክ ብቻ አይደለም። ዝምታው፣ ካሜራው ፊት ላይ የሚቆይበት ጊዜ፣ ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ፊልሙ ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ የከተማችንን ልጅ ሥራ ውሰዱ። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ነው የተወለደው። "ጤዛ" የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል። 140 ደቂቃ ነው። ጀርመን ተምሮ የተመለሰ ሐኪም ጣና አካባቢ ወዳለው መንደሩ ይመጣል፤ ፊልሙ በመንደሩ፣ በጀርመንና በደርግ ዘመን አዲስ አበባ መካከል ይመላለሳል። አምስት ደቂቃ ስልክ ላይ ካፈጠጣችሁ ዘመኑ ተቀይሮ ይጠብቃችሁና "አልገባኝም" ትላላችሁ። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም።

አንዳንዱ "ቀርፋፋ ነው" ይላል። እኔ የምለው፣ የሰውዬው ትዝታ እየተቆራረጠ ነው የሚመለስለት፣ እናንተም እንደሱ ግራ እንድትጋቡ ነው የተሠራው። ቢያንስ ግማሹን ሳታልፉ አታቁሙ።

ስታዩ ሦስት ነገር ያዙ። የመጀመሪያውን ትዕይንት በደንብ አስታውሱት፣ መጨረሻው ላይ ትርጉሙ ይቀየራልና። ሙዚቃ የሌለባቸውን ቦታዎች ልብ በሉ። ሰው ሲናገር የሚሰማውን ሰው ፊት እዩ፤ ኳስ ላይ ኳስ ያልያዘውን ተጫዋች እዩ ያልኳችሁ ዓይነት ነው። ካለቀ በኋላ ቶሎ አስተያየት አትጻፉ። ቡና አስፈሉ፣ ከሁለት ከሦስት ጓደኛ ጋር ተከራከሩ፣ ካልተስማማችሁ ያከራከራችሁን ቦታ መልሳችሁ ክፈቱት። እና እባካችሁ፣ ላላየው ሰው መጨረሻውን አትንገሩት።